ሐይቁ ከመርጋቱ በፊት፦ የላፕላንድ መጸው እንዴት ያልፋል?

ስለ ሰሜን ፊንላንድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በበጋ ፀሐይ ለሳምንታት የማትጠልቅ መሆኗ፣ ሁለተኛው በክረምት ለሳምንታት የማትወጣ መሆኗ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መጸው ከሁለቱም ያነሰ ይወራለታል፤ ከተወራለትም ስለ ቅጠሎቹ ቀለም ወይም ጨለማን ስለሚጠብቁ ሰዎች ትካዜ ብቻ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ለትካዜ ብዙም ጊዜ የለውም። የዓመቱ ሥጋ፣ አሣና ፍሬ የሚሰበሰበው፣ መንጋው የሚቆጠረው፣ ቤቱና መኪናው ለብርድ የሚሰናዳው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ ከዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ላፕላንድ የት ነው? መጸው የሚባለውስ መቼ ነው?

ላፕላንድ የፊንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ስፋቱ ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ከአገሪቱ ሲሶ ገደማ መሆኑ ነው። ነዋሪው ግን ከ180,000 ያነሰ ስለሆነ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው እንኳን አይደርስም። ዋና ከተማው ሮቫኒየሚ የሚገኘው በአርክቲክ ክበብ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ሶዳንኪላ፣ ኢናሪና በመጨረሻም ኡትስዮኪ ይገኛሉ። በኡትስዮኪ ወረዳ ያለችው ኑኦርጋም የአውሮፓ ኅብረት የመጨረሻዋ ሰሜናዊ መንደር ስትሆን፣ ወረዳው በጠቅላላው ወደ 1,200 የሚሆኑ ነዋሪዎች አሉት። በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ሳሚዎች ናቸው፤ አገራቸው ዛሬ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ መካከል ተከፋፍሏል። በኢናሪ ብቻ ከፊንላንድኛ ሌላ ሦስት የሳሚ ቋንቋዎች ይነገራሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ቃላትን ማጥራት ያስፈልጋል። «ክረምት» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ዝናብን ያስታውሳል፤ እዚህ ግን የብርዱን ወራት ያመለክታል፤ «በጋ» ደግሞ የሙቀቱን ወራት። «በረዶ» የምንለውም በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያጠቃልል፣ በዚህ ጽሑፍ ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳው ነጭ «አመዳይ»፣ ውሃ ሲረጋ የሚፈጠረው ጠጣሩ ደግሞ «በረዶ» ተብሏል። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰውም የእንስሳውም ሕይወት በእሱ ላይ እንደሚመሠረት ወደ ኋላ ይታያል። ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መጸው መቼ ይጀምራል ለሚለው የፊንላንድ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሙቀት መለኪያ ይመልሳሉ። የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ በዚያው ሲጸና መጸው ገባ ይባላል፤ ከዜሮ በታች ወርዶ ሲጸና ደግሞ ክረምት ገባ ይባላል። በዚህ መለኪያ የላፕላንድ መጸው በኦገስት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በኦክቶበር አጋማሽ አካባቢ ያበቃል። ሳሚዎች ዓመቱን በአራት ሳይሆን በስምንት ወቅቶች ስለሚከፍሉት፣ «ቻክቻ» ከሚባለው መጸው ቀጥሎ «ቻክቻዳልቪ» የሚባል ሌላ ወቅት አላቸው፤ ትርጉሙ «መጸው-ክረምት» ማለት ነው። መሬቱ ነጭ ሆኖ ውሃው ገና ያልጸናበት፣ ለመንገደኛ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ጊዜ ስለሆነ የራሱ ስም ሊኖረው ይገባል፤ በእኔ ግምት ከአራቱ ይልቅ የስምንቱ አቆጣጠር ለአካባቢው ኑሮ የቀረበ ነው።

ብርሃኑ እንዲህ በፍጥነት የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው ዛቢያዋ በ23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ነው። በሰሜኑ በጋ ሰሜናዊው ጫፍ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ በክረምት ፊቱን ያዞራል። በሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ገደማ ሁለቱም ወገኖች እኩል ስለሚሆኑ፣ በምድር ወገብም በኑኦርጋምም ቀኑ 12 ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ፍጥነት ላይ ነው። እኩል ውሃ የያዙ ሁለት በርሜሎችን ማሰብ ይረዳል፦ አንደኛው በጠብታ ያፈስሳል፣ የሌላኛው ቧንቧ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በታች ብቻ ሲለወጥ፣ በ70 ዲግሪ ሰሜን በየቀኑ ከ8 እስከ 9 ደቂቃ ይቀንሳል። በሳምንት ሲታሰብ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ብርሃን ይጠፋል ማለት ነው፤ ባለፈው ሳምንት በብርሃን የተሠራ ሥራ በዚህ ሳምንት በባትሪ መብራት ይሠራል።

በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን በድንገት የተቆረጠ ይመስላል። በኖቬምበር መጨረሻ በኡትስዮኪ ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ትታይና እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ይህን ጊዜ ፊንላንዳውያን «ካሞስ» ይሉታል። በሮቫኒየሚ ግን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ ፀሐይ በዓመቱ አጭር ቀን እንኳን ለጥቂት ጊዜ ብቅ ትላለች።

ከጨለማው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ በጎ ነገር አለ። የሰሜን ብርሃን የሚባለው፣ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለቀለም ብርሃን በበጋም ይኖራል፤ ሰማዩ ስለማይጨልም ግን አይታይም። በኦገስት መጨረሻ ሌሊቱ ሲመለስ እሱም ይታያል፤ በተለይም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ ለሚነፍሰው የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ነፋስ ይበልጥ የተመቸ አቅጣጫ ስለሚይዝ መደጋገሙ ይጨምራል። ቅንጣቶቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲጋጩ ያ የታወቀው አረንጓዴ ብርሃን ይፈጠራል። ፊንላንዳውያን «የቀበሮ እሳት» ብለው ይጠሩታል።

ቅጠሉ የሚቀላው ሞቶ ነው?

አይደለም፤ ዛፉ ሆን ብሎ የሚሠራው ሥራ ነው። ቤቱን ለወራት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ውድ ዕቃውን ሰብስቦ ግድግዳውን እንደሚተው ሁሉ፣ ዛፉም በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅንና ሌላ ንጥረ ነገር ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ያሸሻል። አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ክሎሮፊል ሲፈርስ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል። ቀዩ ቀለም ግን ቀድሞ የነበረ ሳይሆን በዚያው በመጸው አዲስ የሚሠራ ነው፤ ጥርት ያለ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲገጣጠሙ ይደምቃል።

ይህ የቀለም ጊዜ «ሩስካ» ይባላል። በሰሜኑ ጫፍ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ይደምቅና ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዛፎቹ ይልቅ ዓይን የሚይዘው ብዙ ጊዜ መሬቱ ነው፤ ከጉልበት በታች የሚቀሩት በርች የሚባሉ ድንክ ዛፎችና የቤሪ ቁጥቋጦዎች ኮረብታውን እንዳለ ያቀሉታል። አንድ ሌሊት የነፈሰ ኃይለኛ ነፋስ ሁሉንም ሊያረግፈው ይችላል።

በሰው ጫካ ገብቶ ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል። በፊንላንድ «የሁሉም ሰው መብት» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ማንም ሰው ጫካው የማንም ይሁን የማን በእግሩ ሊያልፍበት፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ ሊለቅምበት ይችላል። መብቱ ወሰን አለው፦ የሰው ግቢ መዳፈር፣ ዛፍ መቁረጥ፣ ሊከን (በመሬትና በዛፍ ላይ የሚያድግ ግራጫ ነገር) እና የድንጋይ ሽበት መሰብሰብ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ የተከለከለ ነው። የዱር ፍሬ ለቅሞ የሸጠ ሰው ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ግብር አይከፍልም፤ ስለዚህም የፍሬ ለቀማ ለብዙ ቤተሰብ እውነተኛ የገቢ ምንጭ ነው።

የመጸው ፍሬ በዋናነት «ፑኦሉካ» የሚባለው ቀይ ቤሪ ነው። ጥርስ ባለው ሣጥን መሰል መልቀሚያ ቁጥቋጦው ላይ እየተላገ በባልዲ ይሞላል። ይህ ፍሬ በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ ስላለው ሻጋታ አይደፍረውም፤ ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ተጨፍልቆ በራሱ ጭማቂ ውስጥ ያለ ስኳር ክረምቱን ይቆይ ነበር። ዛሬም በየቤቱ ትልቅ ማቀዝቀዣ አለ፤ መጸው ሲያልቅ በውስጡ ያለው ነገር የቤተሰቡን ትጋት ያሳያል። በበጋ ጫካ ውስጥ መቆምን ሥቃይ የሚያደርጉት ቢምቢና ሌሎች ተናካሽ ነፍሳት በዚህ ጊዜ የሉም፤ ይህ ቀላል ነገር ቢመስልም ከቤት ውጭ ለሚውል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ከፍሬው ጎን ለጎን የሙስ አደን ይጀመራል። ሙስ ከአጋዘን ወገን ትልቁ ሲሆን፣ በላፕላንድ አደኑ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይከፈትና በስሪያው ሰሞን ይቋረጣል፤ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። አዳኞች በቡድን ይወጣሉ፣ ፈቃዱም በቁጥር የተገደበ ነው፣ ሥጋውም ለቡድኑ አባላት ይከፋፈላል። ሕጉ ብርቱካናማ ልብስና ኮፍያ እንዲለብሱ ያስገድዳቸዋል፤ የአካባቢው ሰው በመንግሥት መሬት ላይ በገዛ ወረዳው ውስጥ የማደን ልዩ መብት አለው።

ሬንዲር የዱር እንስሳ ነው ወይስ የቤት?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሬንዲር ከአጋዘን ወገን የሆነ የሰሜን እንስሳ ነው። በላፕላንድ መንገድ ዳር የሚታየው ሬንዲር ሁሉ ባለቤት አለው፤ ነገር ግን ዓመቱን አብዛኛውን በነፃነት ይሰማራል። ፊንላንድ ውስጥ የሬንዲር እርባታ የሚካሄድበት ቀጣና በ54 ማኅበራት የተከፋፈለ ነው፤ ማኅበሩ «ፓሊስኩንታ» ይባላል። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ግዛት አለው፤ የአባላቱ ሬንዲሮች በዚያ ግዛት ውስጥ ተደባልቀው ይግጣሉ። በጠቅላላው ለመራቢያነት በሕይወት እንዲቆዩ የሚፈቀዱት ሬንዲሮች ብዛት 203,700 ነው፤ ግጦሹ እንዳይራቆት ሲባል ቁጥሩን የሚወስነው መንግሥት ነው። በኖርዌይና በስዊድን ሬንዲር ማርባት በአብዛኛው የሳሚዎች መብት ሲሆን፣ በፊንላንድ ግን ሳሚ ያልሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎችም ያረባሉ።

ታዲያ የተደባለቀው መንጋ የማን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? መልሱ ያለው ጆሮው ላይ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የተመዘገበ የጆሮ ምልክት አለው፤ ይህም በቢላ የሚቆረጡ ትናንሽ ቅርጾች ጥምረት ነው። ጥጃው በሜይና በጁን ሲወለድ ምልክት የለውም፤ ነገር ግን እናቱን ተከትሎ ስለሚሮጥ የእናቱን ጆሮ አይቶ የጥጃውን ባለቤት ማወቅ ይቻላል። ምልክቱ በአብዛኛው በበጋ ይደረጋል፤ ያመለጡት በመጸው ይያዛሉ።

ትልቁ የመጸው ሥራ «ኤሮቱስ» ይባላል፤ መለየት ማለት ነው። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ከኦክቶበር አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ ድረስ እየተካሄደ ይቆያል። ሰዎቹ ባለአራት ጎማ ሞተሮችን፣ ውሾችን፣ አመዳይ ሲወርድ ስኖውሞቢሎችን (በአመዳይ ላይ የሚነዱ ሞተሮችን)፣ አንዳንዴም ሄሊኮፕተር ይዘው ይወጣሉ፤ በብዙ ኪሎ ሜትሮች የተበተነውን መንጋ ቀስ በቀስ እየሰበሰቡ ሁለት ክንፍ ወዳለው ረጅም አጥር ይነዱታል። አጥሩ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየጠበበ ሄዶ ክብ በረት ላይ ያበቃል። ሬንዲር ሲጨነቅ በክብ የመሮጥ ጠባይ ስላለው፣ በበረቱ ውስጥ መንጋው እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ ባለቤቶቹ መሃል ላይ ቆመው በሚሮጠው ጆሮ ላይ የተቆረጠውን ምልክት ያነብባሉ። ይህን በሰከንድ ክፍልፋይ ማንበብ ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ችሎታ ነው።

እንስሳው ሲያዝ ሦስት ነገር ይወሰናል፦ የማን ነው፣ ጤናው እንዴት ነው፣ ይቆያል ወይስ ይታረዳል። የሚቆየው የጥገኛ ትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይቆጠራል፣ ይለቀቃል። ከሚታረዱት አብዛኞቹ በዚያው ዓመት የተወለዱ ጥጆች ናቸው፤ ምክንያቱም ግጦሹ በክረምት ሁሉንም ሊመግብ አይችልም፣ እናቶቹ ግን የመጪው ዓመት መንጋ መሠረት ናቸው። ኮርማዎች ከታረዱ የሚታረዱት ከስሪያው በፊት ነው፤ በስሪያ ሰሞን ኮርማው መብላት ትቶ ይከሳል፣ ሥጋውም ሽታ ያመጣል። ከስሪያው በኋላ ኮርማዎቹ ቀንዳቸውን ሲጥሉ ሴቶቹ እስከ ጸደይ ድረስ ይዘውት ይቆያሉ፤ ያረገዘችው ሴት ከአመዳዩ ሥር ቆፍራ ያገኘችውን ምግብ የምትከላከለው በዚሁ ቀንድ ነው።

ለእንግዳ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ተገቢ ነው። ሬንዲር አርቢን «ስንት ሬንዲር አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሰውን ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለህ ብሎ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

በአመዳይ ላይ ዝናብ ቢዘንብ ምን ይሆናል?

ለውጭ ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ለአርቢው ግን የመጸው ትልቁ ሥጋት ነው። ሬንዲር በክረምት በዋነኛነት የሚመገበው ሊከን የሚባለውን፣ በመሬትና በዛፍ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ግራጫ ነገር ነው። አመዳይ ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ሬንዲሩ ሊከኑን ከላይ ሆኖ ያሸተዋል፤ በሰኮናው ቆፍሮ ይደርስበታል። ግማሽ ሜትር ያህል ለስላሳ አመዳይ ቢኖርም ችግር የለውም።

ነገር ግን በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር አመዳይ ከወረደ በኋላ አየሩ ሞቆ ዝናብ ቢዘንብ፣ ከዚያም ብርዱ ቢመለስ፣ የረጠበው ንብርብር ጠጥሮ በረዶ ይሆናል። ምግቡ በመስታወት ክዳን የተዘጋ ሰሐን ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ አለ፣ ግን አይደረስበትም። ክዳኑ አንዴ ከተዘጋ እስከ ጸደይ ላይከፈት ይችላል፤ በመጸው በአንድ ሌሊት የተሠራ ስሕተት የስድስት ወር ዕዳ ይሆናል ማለት ነው። ሌላም አለ፦ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ አመዳይ ቢሸፍነው ከሥሩ ያለው ሙቀት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ግጦሹን ያበላሻል።

በእንዲህ ያለ ዓመት አርቢው ድርቆሽና የተዘጋጀ መኖ ገዝቶ ወደ ጫካ ያጓጉዛል፣ ወይም እንስሳቱን በአጥር ውስጥ ይቀልባል። ወጪው ከባድ ነው። በ2022 የፊንላንድ የሜትሮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት መሞቁ ታይቷል። በዚህ ሙቀት ሳቢያ የመጸው የአየር ጠባይ ከዜሮ ዲግሪ በላይና በታች እየተመላለሰ መዋዠቁ ለአርቢው አሳሳቢ ነው፤ ለሬንዲር ከብርድ ይልቅ የሚከፋው ይህ መመላለስ ነውና።

በጀልባም በእግርም የማይኬድበት ጊዜ ምን ይባላል?

«ኬሊሪኮ» ይባላል፤ የመሄጃ መበላሸት እንደ ማለት ነው። ላፕላንድ የሐይቅና የወንዝ አገር ስለሆነ ውሃው በበጋ የጀልባ፣ በክረምት የስኖውሞቢል መንገድ ነው። በመካከሉ ግን ለጀልባ የጠነከረ፣ ለሰው እግር ግን የሳሳ በረዶ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ከሐይቅ ማዶ ወይም በደሴት ላይ ጎጆ ያለው ሰው ዱቄቱን፣ ነዳጁንና መድኃኒቱን ከዚህ በፊት አስቀድሞ ማጓጓዝ አለበት።

ሐይቅ የሚረጋው እንደ ብርጭቆ ውሃ አይደለም። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመጸው የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ወደዚህ ሙቀት ሲቀርብ ከብዶ ይሰምጣል፣ ከታች ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ይወጣል፤ ሐይቁ በሙሉ ተቀላቅሎ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ላዩ በረዶ መሆን አይችልም። ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ውሃ ግን ቀላል ስለሆነ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊትም ይረጋል። ትናንሽ ኩሬዎች በኦክቶበር ሲረጉ ትልቁ የኢናሪ ሐይቅ እስከ ኖቬምበር የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋትና ከ3,000 በላይ ደሴቶች ያሉት ይህ ሐይቅ የበጋውን ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ባሕረ ሰላጤዎቹ ረግተው መሃሉ ክፍት የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለት ወቅት ይታያል።

በረዶው ሰው ይችላል የሚባለው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ሲኖር ነው፤ ለስኖውሞቢል 15 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ነጣ ያለው፣ አመዳይ ተቀላቅሎበት የረጋው በረዶ ግን ጥንካሬው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በቀጭን በረዶ ላይ ወፍራም አመዳይ ቢወርድ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ብርዱ እንዳይደርስበት ይከለክለዋል፤ ላዩ አስተማማኝ መስሎ ሥሩ ሳስቶ ይቀራል። ስለዚህ በረዶ ላይ የሚወጣ ሰው በብረት መውጊያ እየፈተነ ይራመዳል፤ አንገቱ ላይም ሹል ጫፍ ያላቸው ሁለት አጫጭር መያዣዎች ያንጠለጥላል፤ ቢሰምጥ እነሱን በረዶው ላይ ሰክቶ ራሱን ይስባል። ይህን የሚያደርጉት ልምድ የሌላቸው ብቻ አይደሉም፤ ሐይቁን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከሁሉ በላይ ይጠነቀቃሉ።

ይህ ወቅት የአሣም ጊዜ ነው። «ሲካ» የሚባለው ነጭ አሣ በመጸው ለመራባት ወደ ዳርቻ ይቀርባል፣ መረብም ይጣልለታል። ሐይቁ ሲረጋ መረቡ ከበረዶው ሥር ይዘረጋል፦ በየርቀቱ ቀዳዳ ይበሳል፣ ገመድ የታሰረበት ረጅም ቀጭን እንጨት ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ከሥር ይገፋል፣ ገመዱ ሲሻገር መረቡ ተጎትቶ ይገባል። በረዶው ቀጭን ሳለ ቀዳዳ መብሳቱ ቀላል ስለሆነ አሣ አጥማጆች ለመጀመሪያው አስተማማኝ ቀን ይቸኩላሉ።

መንገዱና መኪናውስ እንዴት ይሰናዳሉ?

በፊንላንድ ሕግ ከኖቬምበር እስከ ማርች መጨረሻ የአየር ጠባዩ ወይም መንገዱ ካስገደደ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። ባለ ሚስማር ጎማ በመደበኛነት ከኖቬምበር ጀምሮ ቢፈቀድም ሁኔታው ካስገደደ ቀደም ብሎም መጠቀም ይቻላል፤ በላፕላንድ ብዙ ሰው ቀድሞ ይቀይራል። ሞተሩን ከመነሣቱ በፊት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአብዛኛው መኪና ላይ አለ፤ ስለዚህ በመኖሪያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች መኪና ማቆሚያ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለባቸው አጫጭር ምሰሶዎች ተደርድረው ይታያሉ።

በመጸው መጨረሻ ከመንገድ አደጋ ምክንያቶች አንዱ ሬንዲር ነው። በየዓመቱ ወደ 4,000 ሬንዲሮች በመኪና ይገጫሉ፤ በተለይም በኖቬምበርና በዲሴምበር ጨለማ። ግራጫው እንስሳ በግራጫ መንገድ ላይ ቆሞ አይታይም፣ ከመኪናም አይሸሽም። የገጨ ሰው በ112 ደውሎ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ለባለቤቱ ካሣ የሚከፈለው ከመድን ነው። ሾፌሮች ሬንዲር ያዩበትን ቦታ ለሌሎች የሚያሳውቁበት የስልክ መተግበሪያም አለ። እግረኞችም በጨለማ አንጸባራቂ ምልክት መልበስ አለባቸው፤ ልጆች ከኮታቸው ኪስ የሚያንጠለጥሏት ትንሽ አንጸባራቂ፣ ሾፌር ከሩቅ እንዲያያቸው ታደርጋለች።

ርቀቱን መገመት ለማያውቀው ሰው ከባድ ነው። ከኡትስዮኪ እስከ ሮቫኒየሚ ማዕከላዊ ሆስፒታል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ መውለጃዋ የደረሰ ሴት መንገዱ ሳይበላሽ ቀደም ብላ መነሣትን ታስባለች። ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነፃ መጓጓዣ ያገኛል፤ ሕጉ የልጁ የቀን ጉዞ ከነመጠበቁ ከ2 ሰዓት ተኩል፣ ከ13 ዓመት በላይ ለሆነው ከ3 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዝዛል። ያም ሆኖ በሰሜኑ ብዙ ልጆች በመጸው በጨለማ ወጥተው በጨለማ ይመለሳሉ።

ጨለማውን ሰው እንዴት ይችለዋል?

ነዋሪዎች በአብዛኛው ከባድ ነው የሚሉት ካሞስን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ኖቬምበርን ነው፤ አመዳይ ካልወረደ ጥቁር መሬትና ጥቁር ጫካ ያለውን ጥቂት ብርሃን ይውጡታል። ካሞስ ራሱ ፍጹም ጨለማ አይደለም። ፀሐይ ወደ አድማስ የምትቀርበው በሰያፍ ስለሆነ እኩለ ቀን አካባቢ ለሰዓታት የሚቆይ ሰማያዊ ድንግዝግዝታ አለ፤ መሬቱ ነጭ ከሆነ ያለ መብራት መራመድ ይቻላል። የሬንዲር ዓይን እንኳን ለዚህ ይለወጣል፦ ከዓይኑ ብሌን በስተኋላ ያለው አንጸባራቂ ሽፋን በበጋ ወርቃማ ሆኖ በክረምት ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህም በድንግዝግዝታ እንዲያይ ይረዳዋል። ሰው ይህ የለውም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በደማቅ መብራት ፊት ይቀመጣል፣ ቫይታሚን ዲ ይወስዳል። በፊንላንድ ከ2003 ጀምሮ ወተት ላይ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል። ማገዶው በጸደይ ተፈልጦ በጋውን ሲደርቅ የቆየ መሆን አለበት፤ በመጸው የሚቀረው ወደ ቤትና ወደ ሳውና ማስገባቱ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት አመዳዩ ወርዶ ሳይቀልጥ ይቀራል፣ ብርዱም ይጸናል። ሐይቁ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ በየቀኑ ይለካል። በረዶው በቂ ውፍረት ሲይዝ፣ ቀይ መስቀል የተደረገባቸው ምሰሶዎች በበረዶው ላይ በየርቀቱ ይተከላሉ፤ የስኖውሞቢል መንገድ ምልክት ናቸው። በበጋ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ ዞሮ ይሄድ የነበረ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይሻገራል።